ፖለቲካው የሚጻፍበት የዱቤ ደብተር

ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም ሳይርቅ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። ከሚዛኑ ሥር ጫፉ የተበላ ደብተር አለ። የዱቤ ደብተር ነው። ስም ይጻፋል፣ የተወሰደው ዕቃ ይጻፋል፣ ሲከፈል በላዩ ላይ መስመር ይሰመርበታል።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ እትዬ ያን ደብተር ገልጠው አሳዩኝ። መስመር ያልተሰመረባቸው ስሞች ገጽ ሞልተው ነበር። አብዛኞቹ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ሥራው ሲቆም ወደ ወላይታ፣ ወደ ከምባታ፣ ወደ ሲዳማ ገጠር፣ ወደየቤተሰቦቻቸው ተመልሰዋል። «ልጄ፣ እነሱ አላጭበረበሩኝም» አሉኝ እትዬ። «እንጀራቸው ነው የከዳቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፖለቲካና ስለ ኢኮኖሚ ሳስብ ያ ደብተር ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው። ያ ዕዳ ሳይከፈል የቀረበት ምክንያት ሐዋሳ ውስጥ አልነበረማ። አንዱ ጫፍ ሰሜን፣ ጦርነቱ ዘንድ ነው። ሌላው ጫፍ ዋሽንግተን፣ አንድ ደብዳቤ የተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

እኛ አገር «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ይባላል። አባባሉን አልነቅፈውም። ብዙ ቤት የተቃጠለበት አገር ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን ኮረንቲን በሩቁ ማለት የሚቻለው ሽቦው ቤት ካልገባ ነው። የኛ ሽቦ ዘይቱ ዋጋ ውስጥ አለ። ባጃጁ ታሪፍ ውስጥ አለ። የቤት ኪራዩ ውስጥም አለ። በየት ገብቶ በየት እንደሚያልፍ ማወቅ ይሻላል።

ፓርኩ ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ዩሮ ቦንድ ሸጠች። ማለትም ዓለም አቀፍ ገበያ ወጥታ ከግል አበዳሪዎች 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር፤ ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው ከ10 ዓመት በኋላ። የሐዋሳ ፓርክ የተሠራው ከዚያ ብድር ላይ በተወሰደ ገንዘብ ነው። ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ተቋራጭ ዘጠኝ ወር ገደማ ውስጥ 52 ሼዶች አቆመ። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መረቁት። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ከተማው በተስፋ ተሞላ። እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ተስፋውም ከንቱ አልነበረም።

ግን የአሜሪካና የእስያ ኩባንያዎች ለምን ሐዋሳን መረጡ? ለአየሩና ለሐይቁ ብለው አይደለም። የቻይና ሠራተኛ ደሞዝ ጨምሮ ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ትልልቆቹ የልብስ ብራንዶች ስማቸው እንዳይጠፋ አዲስ ቦታ መፈለግ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ርካሽ መብራትና ርካሽ ጉልበት አለኝ አለች። ከሁሉም በላይ ግን አጎዋ ነበረን።

አጎዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ከአፍሪካ የሚመጡ ብዙ ዕቃዎች አሜሪካ ሲገቡ ቀረጥ እንዳይከፈልባቸው ያደርጋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ የጥጥ ቲሸርት ማየት ይቻላል። ያለ አጎዋ 16.5 በመቶ መደበኛ ቀረጥ አለበት። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ከሆነ 32 በመቶ ይደርሳል። ሐዋሳ ደግሞ ከባሕር ሩቅ ነች። ኮንቴይነሩ በመኪና ሞጆ፣ ከሞጆ ጅቡቲ መድረስ አለበት። ያንን የመንገድ ወጪ የሚያካክሰው የቀረጡ ነጻ መሆን ነበር። (ከባሕር መራቃችንም ከፖለቲካ የመጣ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ንግዳችን 90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው።)

ሌላው የውድድራችን ምሰሶ ደሞዙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የአንዲት ጀማሪ ሰፊ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ጊዜ የባንግላዴሽ ዝቅተኛ ደሞዝ 95 ዶላር ነበር። እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ከገጠር መጥታ ቤት ትከራያለች፣ ትበላለች፣ ለእናቷ ትልካለች። ስለዚህ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ፍራሽ መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ወር ሳይደርስ ብሩ ያልቅና ወደ እትዬ ሱቅ ይመጣሉ። የዱቤ ደብተሩ የሞላው በዚህ ነው።

ይህን ርካሽነት ሰዎች እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አድርገው ያወሩታል። እኔ አልቀበለውም። ለግል ሠራተኛ ከዚህ በታች መክፈል አይቻልም የሚል ወለል አለማስቀመጥ ውሳኔ ነው። ባለሀብት እንዳይሸሽ ተብሎ የተወሰነ ነው። ምክንያት አለው፣ ተጠያቂም አለው። ኢኮኖሚ ብለን የምንጠራው ነገር ውስጥ የተደበቀ ፖለቲካ ማለት ይሄ ነው።

ደብዳቤው

የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። ከሐዋሳ ሩቅ ነው፤ ተኩሱ አይሰማም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ ለማስወጣት እንዳሰቡ ለኮንግረስ በደብዳቤ አሳወቁ። ምክንያታቸው ከፍተኛ የሰብአዊ መብት ጥሰት የሚል ነበር። በተከታዩ ኅዳር ፒቪኤች፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ኩባንያ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እገዳው ራሱ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ፣ መብት እንዲከበር መጠየቅ ልክ ነው። በዚያ ጦርነት የሞተውን ወገን አስቤ ንግድ ይበልጥ ነበር የምል ሰው አይደለሁም። ግን ቅጣቱ ያረፈው የማን ትከሻ ላይ ነው? ጦርነቱን ካዘዘው ከማንኛውም ወገን ሰው ቤት የዱቤ ደብተር አልነበረም። ደብተሩ ያለው እትዬ ሱቅ ነው። አንዲት የ20 ዓመት ልጅ፣ ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል ሳትጠየቅ፣ ማሽኗን ጥላ ወጣች።

ቀኖቹን ሳመሳክር አንድ ነገር ይከነክነኛል። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው። ሰላሙ መጣ፤ አጎዋ ግን አልተመለሰልንም። የሕጉ የጊዜ ገደብ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሲያልቅም ኢትዮጵያ ውጭ ነበረች። በር መዝጋት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መክፈት ግን ዓመታት ይወስዳል። የሄደ ኩባንያ ደግሞ ሌላ አገር ማሽን ተክሎ፣ ሌላ ሰው አሠልጥኖ ነው የሚቀመጠው። እርቅ ወረደ ብሎ በማግሥቱ አይመለስም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዓለም ሁሉ ላይ ቀረጥ ሲያውጁ ለባንግላዴሽ 37 በመቶ፣ ለቬትናም 46 በመቶ፣ ለኢትዮጵያ 10 በመቶ አሉ። ቁጥሮቹ ኋላ በድርድር ተለዋውጠዋል። በዚያ ሰሞን ግን አንዳንዱ ሰው «እንግዲህ ሥራው ወደኛ ሊመጣ ነው» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ደስታው ይገባኛል፤ ያሳዝነኛልም። የኛ መውደቅም መነሣትም እኛ በሌለንበት ጠረጴዛ ላይ ሲጻፍ ሁለተኛ ጊዜው ነበር።

ብድሩ ሲመለስ

የፓርኩ ታሪክ በአጎዋ አላበቃም። የተሠራበት ገንዘብ ብድር ነበር ብዬ የለ? ጦርነቱ ገንዘብ በላ። ኮሮና ነበር። ድርቅ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ተጨምሮ ነዳጅ፣ ስንዴና ማዳበሪያ ተወደደ። ዶላር ጠፋ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዩሮ ቦንዱን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ለአንድ አገር ይህ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። መንግሥት ያለው ሁሉንም አበዳሪ እኩል ማየት እፈልጋለሁ ነው። ለሌሎቹ አቆይቼ ለቦንድ ገዢዎች ብቻ አልከፍልም እንደ ማለት ነው። ክፍያ ማቆም ራሱ ድርድር ነበር።

ድርድሩ የተካሄደው የቡድን 20 አገሮች ባወጡት ማዕቀፍ ነው። የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴውን ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ይመሩታል። ኮሚቴው ደግሞ አይኤምኤፍን፣ ዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት፣ ይጠብቅ ነበር። አይኤምኤፍ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ይል ነበር። ይህ ሰንሰለት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰ። ያን ቀን ጠዋት የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ታወጀ። በዚያው ቀን የአይኤምኤፍ ቦርድ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

አይኤምኤፍ ውስጥ ማን ይወስናል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ድምፅ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በአብዛኛው በመዋጮ ነው። አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ አላት። ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚፈልጉ አሜሪካ ካልፈለገች አያልፉም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለን እኛ አንድ በመቶም አይሞላልንም። ድርጅቱ የባለሙያዎች ቤት ነው፤ ስሌታቸውም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የብር ዋጋ በጥቁር ገበያና በባንክ መሃል ያን ያህል መራራቁ ጤና አልነበረም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ግን ብድሩ ለማን ይሰጥ፣ መቼ ይለቀቅ የሚለው የሚወሰነው በድምፅ ነው፤ ድምፁም ከላይ እንዳልኩት ነው የተከፋፈለው።

እትዬ ሱቅ ውስጥ ይህ ሁሉ በዘይት ዋጋ መጣ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተከተለ። ነዳጅም በየጊዜው ተስተካከለ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 50 ብር አይሞላም ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር አለፈ። ባጃጅ ነጂዎቹ ታሪፍ ላይ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቁ ውለው ይገባሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

ቡናው ሌላ ታሪክ ይናገራል

ይህን ብቻ ብናገር ግን ግማሹን ነው የተናገርኩት። የብሩ መውደቅ ሁሉንም ሰው አልጎዳም። ከሐዋሳ ትንሽ ወጣ ብለን ዳሌ፣ አለታ ወንዶ፣ ቤንሳ ብንሄድ እሸት ቡናውን የሚሸጥ ገበሬ አለ። ቡናው በዶላር ነው የሚሸጠው። ዶላሩ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆነ። በዚያ ላይ ብራዚልን ድርቅ መታትና የዓለም ዋጋ ራሱ ሰማይ ነካ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ደሞዝተኛው ያለቀሰበት ውሳኔ ቡና ላኪውን አስደሰተ። ለገበሬውስ ስንቱ ደረሰው? ይህ በአቅራቢው፣ በመፈልፈያ ጣቢያውና በማኅበሩ ጉልበት ይለያያል። ውሳኔው አገርን ጠቀመ ወይስ ጎዳ ከማለት በፊት የአገሩን የትኛውን ሰው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቡና ዋጋና የዓለም ፖለቲካ የቆየ ዝምድና አላቸው። ይህን ብዙ ሰው ሲያነሣው አልሰማም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኩባ ውስጥ አብዮት አሸነፈ። አሜሪካ ሌሎቹም የላቲን አሜሪካ አገሮች ወደ ሶቪየት እንዳይሄዱ ፈራች። የነዚያ አገሮች ሕይወት ደግሞ ቡና ነበር። ዋጋው ከወደቀ ገበሬው ይራባል፤ የተራበ ገበሬ ያምፃል። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ተፈረመ። ቡና አምራች አገሮች ኮታ ተሰጣቸው፤ ዋጋው እንዳይወድቅ ተደገፈ። ትልቋ ቡና ገዢ አሜሪካ ውድ ቡና ለመጠጣት የተስማማችው ከኮሚኒዝም ፍርሃት የተነሣ ነው። ከዚያ ፍርሃት የሲዳማና የይርጋጨፌ ገበሬም በሩቁ ተጠቀመ።

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲበርድ ፍርሃቱም በረደ። በሰኔ 1981 ዓ.ም. መጨረሻ የኮታው ሥርዓት ፈረሰ። ዋጋው በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ። በዚያን ጊዜ ከውጭ ንግድ ገቢያችን ከግማሽ በላዩ ቡና ነበር። አሁን የዚያን ዓመት የኛን ታሪክ አስታውሱ። ግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሶቪየት እጇን እየሰበሰበች ነበር። ጦርነቱ ገንዘብ ይበላል፤ ቡናው ዶላር አያመጣም። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ሶሻሊዝሙን ትተው ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ። ደርግን ቡና ጣለው አልልም። ደርግን የጣለው ብዙ ነገር ነው፤ ከሁሉ በላይ ጦር ሜዳው ነው። ግን ባዶ ካዝና ይዞ የሚዋጋ መንግሥት ምን ያህል እንደሚቆም ያ ዘመን ያሳያል።

ቡናው ላይ ያሸነፍንበት ጊዜም አለ። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ልታስመዘግብ ጠየቀች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋርም ክርክር ተነሣ። መንግሥት አልተወውም፤ የውጭ ዜጎችም ከጎናችን ቆሙ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። የስሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው የሕግ ጥያቄ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን ገንዘቡ ከየት ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና አልቀበልም የሚል ሕግ አውጥቷል። ሕጉ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ተራዝሟል እንጂ አልቀረም። ደን መጠበቁ ጥሩ ነው። ግን ጓሮው ውስጥ፣ በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚያለማ የሲዳማ ገበሬ የማሳውን ልኬት በሳተላይት አስረዳ ሲባል ወጪው የማን ነው? መልሱን የሚሰጠው ድርድሩ ነው።

ዋጋ ወደ ቤተ መንግሥት ሲመለስ

እስካሁን ያወራሁት ከላይ ወደ ታች ስለሚወርደው ነው። ከታች ወደ ላይም ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጥቅምት አረቦችና እስራኤል ተዋጉ። የነዳጅ ዋጋ በወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራኑ ነበሩ፣ ተማሪው ነበር፣ ወታደሩም ደሞዝ ይጨመርልኝ ይል ነበር። መንግሥት ደንግጦ የነዳጁን ዋጋ መልሶ ቀነሰ። ግን ጊዜው አልፏል። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወሎ ረሃብ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የዓመታት ብሶት ነበር፤ ነዳጁ እዚያ ላይ የወደቀ ክብሪት ነው።

ከሐዋሳ ተነሥቶ በዲላ አልፎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ ጎረቤት አገር ኬንያ ያደርሳል። እዚያም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወጣቶች በአዲሱ የግብር ሕግ ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ገቡ። የሰው ሕይወት ጠፋ። ከአይኤምኤፍ ጋር ገቢዬን አሳድጋለሁ ብሎ የተስማማ መንግሥት ነበር። ሰኔ 19 ቀን ፕሬዚዳንት ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አሉ። የኛ ብር በገበያ ይወሰን የተባለው ከዚያ አንድ ወር ቆይቶ ነው።

ሐዋሳ ራሷ

ሁሉን ነገር ከውጭ የመጣ አድርጎ መናገር ይቀለናል። ግን የከተማዬን መልክ በጣም ከቀየሩት ነገሮች አንዱ የራሳችን ውሳኔ ነው።

ሐዋሳ ለዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ቢሮዎቹ እዚህ ነበሩ። ከጂንካ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ ለስብሰባ የሚመጣ ሰው ሆቴሉን ይሞላል፣ ዓሣውን ይበላል፣ ባጃጁን ይይዛል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። 98.5 በመቶው ክልል ይሁን አለ። ለዓመታት የተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሰው የሞተበትም ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፈለ። ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተበተኑ።

ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ዕቃ የጫነ አይሱዙ በየቀኑ ይታይ ነበር። ጎረቤቶቼ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቀይረው፣ እናቶቹ ዕድርና ዕቁባቸውን ትተው ሄዱ። አጥሮች ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት በዛ። በሌላ በኩል ሲዳማ የራሱን የፌዴራል ድጎማ በጀት ያገኛል። የራሱን መሥሪያ ቤት ከፍቶ የራሱን ልጆች ይቀጥራል። ሶዶና ሆሳዕና ደግሞ የኛን ኪራይ ወሰዱ።

ጥያቄው የማንነት ነበር፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ግን የሐዋሳ መሬት የማን ነው፣ የከተማው ሥራ ለማን ይሰጣል የሚለውም አብሮ ነበር። ሰው ስለ ባንዲራ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ስለ እንጀራም እያወራ ነው። ይህን የማያይ ፖለቲከኛ ክልል ከሰጠ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ወጣቱ ግን ክልሉ ከመጣ በኋላም ሥራ ይጠይቃል።

ማን ይሸከመው?

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምይዘው አንድ ሐሳብ አለኝ። ከውጭ የሚመጣውን ድንጋጤ እኛ አንመርጠውም። የነዳጁን ዋጋ፣ የአጎዋን ደብዳቤ፣ የብራዚልን ድርቅ አንመርጥም። ድንጋጤው ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን በአብዛኛው እዚሁ አገር ቤት ነው የሚወሰነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል አዋጁ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የግል ሠራተኛው ግን የደሞዝ ወለል ሳይኖረው ነው ያን ቀን የተቀበለው። ለመንግሥት ሠራተኛ ማስተካከያ ተደረገ፤ ጥሩ ነው፣ ይገባዋልም። ስፌት ላይ ያለችው ልጅ ግን ከአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ሌላ የምትይዘው አልነበራትም። የደሞዝ ግብሩን ደግሞ ተመልከቱ። እስከ 2017 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ግብር የማይነካው 600 ብር ብቻ ነበር። ዓመታት ሙሉ ዋጋ ሲንር ያ ቁጥር ባለበት ቆመ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ይህን አይኤምኤፍ አልከለከለም፤ ዋሽንግተንም አልከለከለችም። ቀደም ብሎ ሊደረግ ይችል ነበር።

ስለዚህ «የዓለም ሁኔታ ነው» ሲባል ግማሹን እቀበላለሁ። ሌላውን ግማሽ እጠይቃለሁ። ወለሉ የታለ? የሥራ አጥ መድኅን የታለ? ፋብሪካ ድንገት ሲዘጋ የሦስት ወር ደሞዝ የሚሸፍን ነገር ቢኖር ኖሮ የእትዬ ደብተር እንዲያ አይሆንም ነበር። እትዬ ያን ዓመት የተሸከሙት የመንግሥትንና የኩባንያዎችን ሥራ ነው። በጡረታ ዕድሜያቸው፣ በዘይትና በፓስታ።

ከልጆቹ አንዷ ባለፈው ዓመት ተመልሳ መጣች። ስሟ ደብተሩ ላይ ነበረ። የድሮ ዕዳዋን ከፈለች። እትዬ አልቀበልም ቢሉም እምቢ አለች፤ መስመሩን ራሷ አሰመረች። አሁን መናኸሪያው አካባቢ አንድ አሮጌ ሲንጀር ይዛ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ፓርኩ ያስተማራት እጅ ነው፤ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ክሩም ዚፑም ከቻይና ስለሚመጣ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዶላር ስንት ገባ?»

ስልኬን አውጥቼ ከባንኩ ገጽ አነብላታለሁ። እሷም በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፈዋለች።